ለስንዱ ያልነገርኳት ስህተት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ማንም ሳይበድለኝ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ በገዛ እጄ ራሴን ያዋረድኩበት ስለሆነ ነው።

ነገሩ ቅናት ነው። በሚስቱ የሚቀና ወንድ በየሰፈሩ ሞልቷል። ሌላ ወንድ አያት፣ ስልኳ ጮኸ፣ ከገበያ ዘገየች ብሎ የሚበግን ማለቴ ነው። የእኔ ቅናት እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ለሽማግሌም ለንስሐ አባትም ይነገር ነበር። እኔ የቀናሁት ግን በሌላ ወንድ አይደለም። በሚስቴ በራሷ ነው፤ በእጇ፣ በሥራዋ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ስሜ ሙሉቀን ነው፤ ከተማው የሚጠራኝ ግን «ሙሌ ራዲዮ» እያለ ነው። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የሶላር መብራት፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የተበላሸ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አባቴ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር የተማሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ላይ በመቃ ብዕር ሲጽፉ እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔ በድቁናውም በጽሕፈቱም አልዘለቅሁም፤ እጃቸውን ግን ወርሻለሁ ብዬ እኮራለሁ።

የወረስኩትን እጅ ያዋልኩት ለሰርኪዩት ቦርድ ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ብትከፍቱት ውስጡ አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ታገኛላችሁ፤ ሰሌዳው ላይ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አሉ። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በእነሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቦርድ እኔ ከባዶ እሠራለሁ። መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ እገዛና፣ መቃ ቀርጬ የጥፍር ቀለም እያጠቀስኩ መስመሮቹን በቀጥታ መዳቡ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ አሲድ ውስጥ እነክረዋለሁ። ቀለሙ የሸፈነው ይቀራል፤ የቀረውን መዳብ አሲዱ ይበላዋል። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ይህን የሚሠራ ከእኔ በቀር የለም ብዬ አምን ነበር። ማመን ብቻ አይደለም፣ በየጠጅ ቤቱ እናገረውም ነበር።

ለቅናቴ መነሻ የሆነውን የኮምፒውተር ሶፍትዌር ወደ ቤቴ ያስገባሁትም ራሴ ነኝ። ደብረ ታቦር ለሥልጠና ሄጄ ሳለ አንድ አሠልጣኝ ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። «ቦርድ መንደፊያ ነው፤ ነፃ ነው፤ ሕፃን ልጅ ይሠራበታል» አለኝ። ዕቃዎቹን ከዝርዝር እየመረጥክ ስክሪኑ ላይ ታስቀምጣለህ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ታመለክታለህ፣ መስመሩን እሱ ያሰምርልሃል፣ ከተሳሳትክ ደግሞ በቀይ ያሳይሃል።

ሕፃን ልጅ የሚሠራበትን ነገር ሁለት ሳምንት ታገልኩት። ማውሱ እንደ እርጥብ ሳሙና ከእጄ ያመልጣል። አንዱን ዕቃ ላነሣ ስል ሌላው ተከትሎኝ ይመጣል። ስክሪኑ በቀይ ተሞልቶ ሳየው ቆሽቴ አረረና ዘጋሁት። «ይህ የሰነፍ ሥራ ነው» አልኩ። ላፕቶፑንም መደርደሪያው ላይ፣ ከአሮጌ ቴፖች ጎን አስቀመጥኩት።

ሚስቴ ስንዱ የእስቴ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ሱቃችን አንድ ክፍል ነው። ከበሩ በስተግራ የእሷ የስፌት መኪና፣ በስተቀኝ የእኔ ጠረጴዛ አለ። መበየድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሥራ ሲበዛብኝ ሽቦ ትበይድልኝ ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር ይሆንላታል ብዬ አስቤ አላውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ቀዝቀዝ ሲልላት ላፕቶፑን አወረደችና አቧራውን ጠርጋ ከፈተችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«እስቲ ልየው። አንተ ከጣልከው ወዲያ ምን ይሆናል።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ» አልኩና ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ከላፕቶፑ ግን አልተነሣችም።

ማምሻውን ጠርታ አሳየችኝ። እኔ ለሦስተኛ ቀን በመቃ ስጽፈው የሰነበትኩትን የባትሪ መሙያ ቦርድ እሷ ስክሪኑ ላይ ጨርሳዋለች። መስመሩን አልመረመርኩትም። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትም ቦታ ቀይ አልነበረም።

«ይኼ እኮ ጨርቅ መቁረጥ ነው» አለችኝ ደስ ብሏት። «እጅጌውን እዚህ፣ አንገትጌውን እዚያ፣ ጨርቁ ሳይባክን ማስቀመጥ ነው። ካወቅህበት ሌላው ቀላል ነው።»

እኔ ያላወቅሁበትን ነገር እሷ «ቀላል ነው» ስትል ምን እንደተሰማኝ ልናገር። ደስታ አልነበረም። ደረቴ ላይ ሙቅ ነገር ፈሰሰ። «ጥሩ ነው» አልኳትና መቃዬን መቅረጽ ቀጠልኩ። ያለ ልክ ቀርጬው ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ስንዱ ቦርዱን በላፕቶፑ ትነድፋለች፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በሚያብረቀርቅ የካላንደር ወረቀት ታሳትማለች፤ ወረቀቱን ከመዳቡ ጋር አድርጋ ልብስ በምትተኩስበት የከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች። የሕትመቱ ቀለም ወረቀቱን ለቆ መዳቡ ላይ ይቀራል። ከዚያ አሲድ ነው። እኔ ሦስት ቀን የምለፋበትን እሷ ከምሳ በፊት ጀምራ ከምሳ በኋላ ትጨርሰዋለች፤ በመካከሉም የሰው ቀሚስ ታጥፋለች።

ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። በር ላይ ይቆሙና ከእኔ አልፈው ወደ ስፌት መኪናው ያያሉ። «ሙሌ፣ ስንዱ የለችም እንዴ?» ይላሉ። አንድ ቀን ከወገዳ ድረስ በዚያ አቧራ መንገድ አንድ ሰውዬ መጣ። የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። «በኮምፒውተር የሚሠራው ሱቅ ይህ ነው?» ሲለኝ «አይደለም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስንዱ ከውስጥ «ነው፣ ግባ» አለችው።

ላፕቶፑንም ጭምር ቀናሁበት። ቀን ሙሉ ከእሱ ጋር ትነጋገራለች። ቀይ ሲያሳያት «እሺ፣ እሺ፣ አየሁት» ትለዋለች፤ ሲጠፋላት ፈገግ ትላለች። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ካለች ስንት ጊዜዋ ነው እያልኩ ጥርሴን አፋጫለሁ። የሚያስቅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም።

እንዲህ እየደበንኩ ሳለ ነው ያ ማክሰኞ የመጣው።

ጠዋት ሱቁን ከፍተን ሳንቀመጥ እትዬ የሻረግ እየተጣደፉ ገቡ። እትዬ የሻረግ በሰፈራችን ጫጩት የሚያስፈለፍሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ጾም ሲገባ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ፣ ያን ጊዜ ጠብቀው ከየገበሬው ይሰበስቡና በአምፖል የሚሞቅ የማስፈልፈያ ሣጥናቸውን ይሞላሉ። ዓመቱን የሚኖሩት በዚያች ሣጥን ነው።

«ተቃጠለብኝ ልጆቼ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «መብራቱ ሄዶ ሲመጣ የሙቀት መቆጣጠሪያዪቱ ጤሰች።»

መቆጣጠሪያዋ ሥራዋ አምፖሉን ማብራትና ማጥፋት ነው። ሣጥኑ ሲቀዘቅዝ ታበራለች፤ ሲሞቅ ታጠፋለች። እሷ ከሌለች እንቁላሎቹ ወይ በብርድ ይሞታሉ ወይ ይቀቀላሉ።

«አሁን ማን ነው የሚያጠፋው የሚያበራው?» አለች ስንዱ።

«እኔና ልጄ ነን እንጂ። ከእሑድ ጀምሮ ቴርሞሜትሩ ላይ አፍጥጠን እየተፈራረቅን ነው። እንቁላሎቹ ዐሥራ አንድ ቀናቸው ነው። አንዱን በመብራት አስደግፌ አይቼዋለሁ፤ ደም ሥሩ ይታያል፣ ይንቀሳቀሳል። ዐይናችንን እንቅልፍ ከሸፈነው አለቁ ማለት ነው።»

ብድግ አልኩ። «እስቲ ያምጧት፣ እኔ...» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

እትዬ የሻረግ የተቃጠለችውን ዕቃ በእጄ ላይ አሳልፈው ለስንዱ ሰጧት። «ስንዱዬ፣ በኮምፒውተር የምትሠሪያትን ሥሪልኝ። ሙሌስ እጁ ይባረክ፣ ጎበዝ ነው። ግን እሱ እስኪጽፋት ድረስ ጫጩቶቼ ያልቃሉ።»

በክፋት አልነበረም ያሉት። ለዚያ ነው ይበልጥ የቆጠቆጠኝ። የተዘረጋ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ፒንሳ አነሣሁበት።

ስንዱ ወዲያው ተቀመጠች። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቀና አላለችም። ሌላ ጊዜ ቦርዱ ካለቀ በኋላ ነው የምታሳየኝ። ያን ቀን ግን ለሁለተኛ ሙከራ ጊዜ ስላልነበረ፣ ሳታሳትመው በፊት ጠራችኝ።

«ሙሉቀን፣ እስቲ እየው። ያልታየኝ ነገር ካለ።»

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን ልናገር። አባቴ ተማሪ ሲያስነብቡ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። ተማሪው ሲሳሳት ብቻ ያቋርጡታል፤ ልክ ሲሆን ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ ተማሪው ይቀጥላል። በእኛም ቤት ሥራ የሚታየው እንዲሁ ነው። ስንዱን መበየድ ሳስተምራት «ልክ ነው፣ ጎበዝ» ብያት አላውቅም። ስህተት ካለ እናገራለሁ፤ ከሌለ ዝም እላለሁ። እሷም ታውቀዋለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በመጀመሪያ ምንም አላገኘሁም። መስመሮቹ ንጹሕ ናቸው። እኔ እንኳ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ እንደዚያ አላሳምራቸውም ነበር፤ ይህን ሳስብ ደግሞ ያ ሙቅ ነገር ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የሙቀት መለኪያዋ ላይ ደረስኩ።

መለኪያዋ የባቄላ ፍሬ የምታህል ዕቃ ናት፤ ሦስት እግር አላት። ግራና ቀኟ ከተቀያየረ ትቃጠላለች፤ አምፖሉንም የሚያጠፋው አይኖርም። እኔ በመቃ ስጽፍ ኤሌክትሪክ የሚገባበት እግሯ በቀኝ ነው የሚሆነው። ዐይኔን ጨፍኜ እንኳ አልስተውም። የስንዱ ስክሪን ላይ ግን በግራ ነው ያለው።

ልቤ ዘለለ። ተገልብጧል! ሶፍትዌሩም አላየውም፣ እሷም አላየችውም፣ እኔ አየሁት። ፊቴ ላይ ፈገግታ ሲመጣ ታውቆኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ምን አየህ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ጥቂት ጠበቀችኝ። ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ፍላሹን ነቅላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች።

ያን ጊዜ ሮጬ ልጠራት እችል ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከሱቃችን ሦስተኛው በር ነው። ታትሞ ሲመጣም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥላው ካውያዋን ልታቀጣጥል ስትወጣ ደግሜ አየሁት። አሁንም በግራ ነው። ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤት ስትሄድ በዐይኔ ሸኘኋት።

ምን እያሰብኩ ነበር? እውነቱን ልናገር። ነገ ጠዋት እትዬ የሻረግ ቤት አምፖሉ አልጠፋ ሲል፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ ሴትዮዋ ሲጮኹ፣ ስንዱ ስትደነግጥ ይታየኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ስነሣ። ለዚህም ተሰናዳሁ። በመሳቢያዬ የቀረችኝን አንዲት ቁራጭ መዳብ አውጥቼ ያንኑ መቆጣጠሪያ በመቃ ጻፍኩት። ሦስት ቀን የሚፈጅብኝን ያን ዕለት እስኪመሽ ጨረስኩት። ቅናት ለካ ጉልበት ይሰጣል። ለሚስቴ በቅንነት ሠርቼላት የማላውቀውን ያህል ለውርደቷ ሠራሁ።

«እንቁላሎቹ አይጎዱም፤ እኔ እዚያው አለሁ፤ ወዲያው እቀይረዋለሁ» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ጎረቤቱ እስኪታመም የሚጠብቅ ሰው ሆንኩ።

ረቡዕ ጠዋት አብረን ሄድን። ስንዱ ቦርዷን ራሷ በይዳ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። እኔ የራሴን ቦርድ በኮቴ ኪስ ውስጥ ይዣለሁ። የእሷን ልየው አላልኩም፤ እሷም አላሳየችኝም፤ አንዴ አይቼላታለሁና።

የእትዬ የሻረግ ልጅ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዐይኗ ቀልቷል። አንድ እጇ ማብሪያው ላይ፣ አንድ እጇ ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። ስንገባ እንኳ ዞር አላለችም፤ «ሠላሳ ሰባት» አለችና አጠፋች። ትንሽ ቆይታ «ወረደ» ብላ አበራች። ሦስት ቀን እንዲህ ነው የሰነበተችው። ልጅቷን ሳያት መናገር ነበረብኝ። ግን አሁንም ዝም አልኩ።

ስንዱ ሽቦዎቹን አገናኘች። «አሁን ልቀቂው» አለቻት ልጅቷን። ልጅቷ እጇን ከማብሪያው አነሣች። አምፖሉ በራ።

ሁላችንም ቴርሞሜትሩ ላይ ጎነበስን። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስት ተኩል። እትዬ የሻረግ በለሆሳስ ማርያምን ይጠራሉ። ሠላሳ ሰባት። እጄን ኪሴ ውስጥ አስገብቼ ቦርዴን ጨበጥኩ። ጠርዙ መዳፌን ይወጋኛል። ሠላሳ ሰባት ተኩል። አሁን ያልፋል፣ አሁን ያልፋል አልኩ በልቤ። እንዲያልፍ ፈልጌ ነበር። አዎ፣ ፈልጌ ነበር።

«ቀጭ» አለ። አምፖሉ ጠፋ።

ሙቀቱ ትንሽ ወረደ፤ እንደገና «ቀጭ» አለና በራ። ደግሞ ጠፋ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ እዚያው በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት።

እትዬ የሻረግ የስንዱን ሁለት ጉንጭ አገላብጠው ሳሙ። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ብትሆን! ያስተማርካት አንተ አይደለህም?» አሉኝ።

ስንዱ ሽቦውን እያስተካከለች ቀና አለች። «እሱ አይቶልኝ ነው እኮ እትዬ» አለች። «ሙሉቀን ባያየው ኖሮ ለእርስዎ እንቁላል አልደፍርም ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወደ ሱቅ መመለስ ጀመርን። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ራሴን ይበላኛል። እንዴት ሠራ? በዐይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«የመለኪያዋ እግር ግን... ተገልብጦ አልነበር እንዴ?»

ስንዱ ሳቀች። «ወረቀቱ ላይ ነዋ! ወረቀቱ እኮ ፊቱን ተደፍቶ ነው መዳቡ ላይ የሚተኮሰው። ሲደፋ ግራው ቀኝ ይሆናል። እኔም ለእጅጌ ጨርቁን ገልብጬ በውስጥ በኩል ነው በጠመኔ የማሰምረው፤ በግራ ያሰመርኩት ሲገለበጥ በቀኝ ይወጣል። ሶፍትዌሩ እሱን አስቦ ነው የሚያሳይህ።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቀጥታ መዳቡ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ደፍቼ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ገና ስታየው የገባት ነገር ለእኔ የገባኝ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ቆሜ ነው። ያየሁት ስህተት ስህተት አልነበረም።

ሳቋ ግን አልቆየም። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች።

«ቆይ» አለች። «አንተ ትናንት ስታየው ተገልብጦ ነው የታየህ?»

ዐይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

«ተገልብጧል ብለህ ታስብ ነበር? እና ዝም አልከኝ?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት መዋሸት ስለደከመኝ፣ ከኪሴ ቦርዴን አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። አገላብጣ አየችው። በእኔ መቃ የተጻፈውን መስመር በጣቷ ዳሰሰችው። ምን እንደሆነ፣ ለምን ኪሴ ውስጥ እንደነበረ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«እኔስ ይሁን» አለች። «እኔን ብታዋርደኝ ሚስትህ ነኝ፣ እችለዋለሁ። እንቁላሎቹስ? የዚያች ልጅ ዐይንስ?»

«እቀይረው ነበር» አልኳት።

«አንተ ዝም ስላልክ እኮ ነው ያሳተምኩት» አለችና ቦርዱን መልሳ ሰጠችኝ። «ዝም ስትል ልክ ነው ብዬ።»

ከዚያ ቀድማኝ ሄደች። ያን ቀን ከሱቁ በስተግራ የስፌት መኪናው ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከዐሥር ቀን በኋላ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። እትዬ የሻረግ ኑና እዩልኝ ብለው ላኩብን፤ ስንዱ ሄደች፣ እኔ ሥራ አለብኝ አልኩ። ለማንም አልተናገረችብኝም፤ ለእሳቸውም ሆነ ለእናቷ። ከሳምንት በኋላ እንደ ወትሮው ታናግረኝ ጀመር። ይቅር ብላኛለች ብዬ አስባለሁ፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ቅናቱ ለቆኛል ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሁንም አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ስንዱ አለች?» ሲል ያ ሙቅ ነገር ደረቴ ላይ ይፈሳል። አሁንም ላፕቶፑን ስትከፍት ጎኔን ይወጋኛል። ያም ሆኖ ሥራዋን ስታሳየኝ ከልቤ እያየሁ ነው፤ ሁለት ጊዜም እውነተኛ ስህተት አግኝቼ ነግሬያታለሁ።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ሥራዋን አሳይታኝ ዝም ካልኩ «እሺ» ብላ ትሄድ ነበር። አሁን አትሄድም። ዝም ስል ጎኔ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ በቀስታ፣ ሳትቆጣ፣ ፊት ፊቴን እያየች ትጠይቀኛለች።

«ሙሉቀን፣ ዝም ያልከው ልክ ስለሆነ ነው?»

«ልክ ስለሆነ ነው» እላታለሁ። እሷም ትንሽ ታስብና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሷ ታየዋለች።